ሞተሩ ይውረድ ሲሉኝ መጀመሪያ ዘይቱን ለካሁ
መኪናዬ ዘይት ይጎድልባትና ታጨስ ስለነበር መካኒክ ጋ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ያህል አየና «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለኝ። ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት ነው። ነዳጁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን እንኳን አልፈታም። ሞተር ማውረድ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ወጪው ከባድ ነው፤ አንዴ ከተበተነ ጤነኛ የነበረውም ክፍል አብሮ ይነካል። መኪናዬን ይዤ ወጣሁና ራሴ ልመረምረው ወሰንኩ።

ከዚያ በፊት አንድ ስህተት ሠርቼ ነበር። ዘይት መጉደሉን እንዳየሁ 20-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ሞላሁበት። ጭሱ ለጥቂት ቀን የቀነሰ መሰለኝ። ግን ስንት ይጎድል እንደነበር ስላልለካሁ፣ መሻሉንም መባሱንም ማወቅ አልቻልኩም። ስለዚህ አምራቹ ወደሚያዘው ዘይት ተመለስኩና ከዜሮ ጀመርኩ።

ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ እስከ ላይኛው ምልክት ሞላሁ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፍኩ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አየሁት። በ1000 ኪሎ ሜትር 0.9 ሊትር ጎደለ። አንዳንድ አምራቾች በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር መጉደሉን እንደ ችግር አይቆጥሩትም። የእኔ መኪና ግን ቀድሞ ከአንድ ሰርቪስ እስከሚቀጥለው ዘይት አይጨመርባትም ነበር፤ ስለዚህ የሆነ ነገር ተለውጧል ማለት ነው።

ቀጥሎ ማፍሰሱን አየሁ። ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጠፍኩ፤ ጠዋት ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። የዘይት ፊልትሮውና የቫልቭ ክዳኑ ዙሪያም ደረቅ ነው። ዘይቱ እየነደደ ነበር።

የሚቀጥለውን ያለ ወዳጄ አላውቀውም ነበር። በራሱ መኪና ከኋላዬ ተከተለኝና ያየውን በስልክ ቪዲዮ ቀረጸልኝ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ጭስ የለም። ረጅም ቁልቁለት እግሬን ከነዳጅ አንስቼ ወርጄ መልሼ ስረግጥ ግን ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ይላል። ጠዋት ሲነሳም እንደዚሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ነገሩ የተፈታልኝ እዚህ ላይ ነው። ፋሻ ያለቀበት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ሲጫን ነው የሚያጨሰው። ነዳጅ ሳይረገጥ ቁልቁለት ሲወረድ ግን የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ሞተሩ ውስጥ ኃይለኛ የመሳብ ጉልበት ይፈጠራል፤ የቫልቭ ሲሉ (በቫልቩ እግር ዙሪያ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ካረጀ ዘይቱ በቫልቩ እግር ዙሪያ ሾልኮ ይገባል። ሌሊቱን ሲቆምም እየተንጠባጠበ ያድርና ጠዋት ይነድዳል። ጭሱ መቼ እንደሚወጣ ሳታውቁ ማንም ሞተራችሁን እንዲፈታ አትፍቀዱ።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ሞተሩ እንደሞቀ አራቱንም ካንዴላ ፈትቼ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን የእመቃ ግፊት) ለካሁ፤ ነዳጁንና ወደ ካንዴላ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ አቋርጬ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጬ። 170፣ 175፣ 170፣ 165 ፒኤስአይ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ ስደግመው 170 ሆነ። ፋሻው ያለቀ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን ቁጥሩ በጣም ይዘል ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ኮምፕሬሽን የሚይዙት የላይኞቹ ፋሻዎች ናቸው፤ ዘይት የሚጠርገው የታችኛው ነው። እሱ በካርቦን ተጣብቆም ቁጥሩ ጥሩ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ትንሽ ካሜራ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብቼ የፒስተኑን አናት ያየሁት። ዘይት ከሥር ቢመጣ ዳሩ ታጥቦ ያብለጨልጭ ነበር። የእኔ ዳሩም መሃሉም እኩል ጥቁርና ደረቅ ነው።

መጀመሪያ ግን ርካሹን ነገር ሞከርኩ። ፒሲቪ ቫልቩን (የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰውን) አውጥቼ ጆሮዬ አጠገብ ነቀነቅኩት። ደህናው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የእኔ በዘይት ጭቃ ተይዞ ዝም አለ። እሱን ብቻ ቀየርኩና እንደገና 1000 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ጉድለቱ 0.6 ሊትር ሆነ። ሌላ ነገር አብሬ ቀይሬ ቢሆን ኖሮ የትኛው እንደረዳ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ ቫልቭ ሲሎቹ ገባሁ። ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ) ማውረድ አላስፈለገም። ፒስተኑን ትንሽ ዝቅ አድርጌ በካንዴላው ቀዳዳ ወፍራም የናይለን ገመድ አስገባሁ፤ ጫፉን ውጭ ተውኩት። ክራንኩን (ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ) በእጅ አዙሬ ፒስተኑን ሳነሳው ገመዱ ቫልቮቹን ደግፎ ያዛቸው። ስፕሪንጉ ሲፈታ ቫልቩ ወደ ውስጥ አይወድቅም። 16 ቫልቭ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። ስፕሪንጉን የሚይዙት ትንንሽ ቁልፎች ወድቀው ወደ ሞተሩ እንዳይገቡ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጨርቅ ደፈንኩ፤ ይህን በፍጹም አትዝለሉት። ጨርቆቹንም ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ።

አዲሱ ሲል በጣት ሲጫኑት እንደ ላስቲክ ይለመጣል። አሮጌውን በጥፍሬ ስጫነው እንደ ደረቅ ብስኩት ቀሽ ብሎ ተሰበረ። ከ16ቱ 11ዱ እንዲያ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ 3000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ቁልቁለቱን ወርጄ ነዳጅ ስረግጥ ወዳጄ ከኋላ ሆኖ ደወለልኝ፤ «ምንም የለም» አለኝ። መለኪያው ላይ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት የወረደው የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ፋሻዎቹ ሳይነኩ እዚያው አሉ።