25 ሰው 25 ባጃጅ

መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት አለፈው፣ ስልኬ 31 ፐርሰንት ላይ ነች፣ እንቅልፍም እምቢ ስላለኝ እቺን ልጻፍና ልተኛ ብዬ ነው።

የሰፈራችን የክረምት የእግር ኳስ ውድድር ሊጀምር ስለሆነ ዛሬ ከስራ መልስ ጣና ዳር የምናዘወትራት ዓሳ ቤት ተሰብስበን የ22 ተጫዋች ስም ስናወጣ ነበር። 21ዱን የመጀመሪያው ዱለት ሳያልቅ ጨረስን። ለቀረችው አንዲት ቦታ ግን ፀሐይዋ ገብታ፣ ታንኳዎቹ ሁሉ ዳር ወጥተው፣ ትንኝ እስኪበላን ድረስ ተጨቃጨቅን። ልጁ የግራ ተከላካይ ነው፣ ስሙን አልጽፍም። ዝምተኛ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ባጃጅ ይዞ ወደ አባይ ማዶ ውልቅ ይላል፣ አብሮን ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ ድሮ ቀረ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፣ "ጎበዝ ነው ግን አይግባባም።" አንደኛው እንደውም "ከሱ ጋር ኬሚስትሪ የለንም" አለ፣ ኬሚስትሪ እኮ 10ኛ ክፍል ከማንም ጋር አልነበረውም፣ አብረን ነው የተማርነው።

እኔ ደሞ ደብተሬን አወጣሁ። ያለፈው ክረምት 9 ጨዋታ በሙሉ እዛ ላይ አለ፣ ማን ገባ ማን ወጣ፣ ጎል ሲገባብን ሜዳ ላይ እነማን ነበሩ። ልጁ በተሰለፈባቸው 6 ጨዋታዎች 4 ጎል ገባብን፣ ባልተሰለፈባቸው 3 ጨዋታዎች 7። አነበብኩላቸው። "እና ምን ይጠበስ?" አሉኝ፣ ዓሳው ደሞ ከኋላችን እየተጠበሰ ነው፣ ሳቁ።

ይሄን የደብተር አመል ያመጣብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ እዛ ሄዶ በቤዝቦል ተለክፎ ቀረ፣ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ነው፣ ለጥምቀት ሲመጣ እንኳን ያችን ደብልዩ ያለባትን ቀይ ኮፍያ አክስቴ "ለታቦት እንኳ አታወልቅም አንተ!" ብላ እስክትቆጣው ድረስ ከራሱ አልነጠላትም። መጀመሪያ ቪዲዮ ሲያሳየኝ ቤዝቦል የገና ጨዋታ ኳሱ አየር ላይ ሲሆን መስሎኝ ነበር። ሶስት ሰዓት ሙሉ ሰው ቆሞ ምራቁን ይተፋል፣ አንዴ ይወረውራሉ፣ እንደገና ይተፋሉ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ ወርዋሪ፣ አንድ መቺ፣ በቃ። እያንዳንዷ ውርወራ ለብቻዋ ትቆጠራለች፣ በአንድ የውድድር ዘመን አንድ ቡድን 162 ጨዋታ ይጫወታል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይጠራቀማል፣ እድል የሚባለው ነገር ቀስ እያለ እየጠራ ይሄዳል። ከ10 ሙከራ 3ቱን በደንብ የመታ ሰው ኮከብ የሚባልበት ጨዋታ እኮ ነው፣ 7ቱን ከሽፎ! በአይን ብቻ እያየህ በዓመቱ ከ10 3 የሚመታውንና 2 ተኩል የሚመታውን መለየት አትችልም፣ ደብተር ያስፈልግሃል።

ደብተሩን ካስጀመሩት ሰዎች ደግሞ ቢል ጄምስ የሚባል ሰውዬ አለ፣ የሱን ታሪክ ስሰማ ነው ልቤ የገባው። ካንሳስ ውስጥ የታሸገ ባቄላ የሚያመርት ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ሌሊት ሌሊት እየጠበቀ ቁጥር ይደምራል። በፈረንጆቹ 1977 የቤዝቦል ቁጥሮቹን መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም ራሱ አሳተመው። የኳሱ ሰዎች "ሜዳ ገብቶ የማያውቅ ዘበኛ ምን ያውቃል" አሉት፣ ያው እኛ አገርም ይባላል። በ2003 የቦስተን ቤዝቦል ቡድን ቀጠረው፣ በ2004 ቦስተን ከ86 ዓመት በኋላ ዋንጫ በላ። ከዛ በፊት ደሞ በ2002 ኦክላንድ የሚባል ቡድን አለ፣ ለተጫዋች የሚከፍለው ሀብታሙ የኒውዮርክ ቡድን ያንኪስ ከሚከፍለው ሲሶ ገደማ ነው፣ ሌላው "መልኩ አያምርም፣ ወፍራም ነው፣ አወራወሩ ያስቃል" ብሎ የተዋቸውን ልጆች በቁጥር እየለቀመ 103 ጨዋታ አሸነፈ፣ 20ውን በተከታታይ። እኔ ከዛ ቀን ጀምሮ ዘበኛው ነኝ። ደብተር ገዛሁ።

የአክስቴ ልጅ ግን ራሱ ያስጀመረኝን ነገር ራሱ ይከራከረኛል፣ ምክንያቱም 2019ን አይቷል። ናሽናልስ በዛ ዓመት ሃርፐር የሚባለውን ኮከባቸውን ፊላደልፊያ በ330 ሚሊዮን ዶላር ወስዶባቸዋል፣ ከመጀመሪያው 50 ጨዋታ 31ዱን ተሸንፈዋል፣ በቃ ሞተዋል። ግንቦት ላይ ፓራ የሚባል ሌላ ቡድን ያሰናበተውን ቬኔዝዌላዊ አመጡ። እሱም መምታት አቃተው። ሰኔ ላይ ግን ትንሿ ልጁ የምትወዳትን የህፃናት የሻርክ ዘፈን ሊመታ ሲገባ በስፒከር አስከፈታት፣ ከዛ በቃ አዋቂ ሰው ሱፍ ለብሶ እጁን እንደ ሻርክ አፍ እየከፈተ እየዘጋ ያጨበጭባል፣ ስታዲየም ሙሉ። (ጣና ሻርክ ስለሌለው ነው እንጂ እኛም አንቀርም ነበር።) ሆም ራን የመታ (ኳሷን ከአጥር ማዶ የላከ) ሰው ሁሉ ተቀያሪዎቹ መሀል እየጨፈረ ያልፋል። ዋንጫውን በሉ፣ ሰባት ጨዋታ በፈጀ፣ ባለሜዳ አንዴ እንኳን ባላሸነፈበት ፍፃሜ። "ፓራ ከ10 ሁለት ተኩል ነው የመታው፣ ደብተርህ ላይ አስገባው እስኪ!" ይለኛል በቮይስ ሜሴጅ እየጮኸ።

እኔም ሸርዘርንና ስትራስበርግን የመሰለ ወርዋሪ ይዞ ጭፈራ ባይኖርም ያንሰራራል ነው የምለው። ሲያሸንፉ ነው የሚጨፍሩት፣ የቱ የቱን እንዳመጣው ማን ያውቃል? የድሮው ቦስተን ጊዜ ተጫዋቾቹ አይዋደዱም ተብሎ "25 ሰው 25 ታክሲ" ይባል ነበር አሉ፣ ከጨዋታ በኋላ ሁሉም በየራሱ ታክሲ ነው የሚሄደው። የ70ዎቹ ኦክላንድ ደሞ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ በቡጢ እየተደባደበ በ1972፣ 73 እና 74 ሶስት ዋንጫ በተከታታይ በላ። ታዲያ የነሱን ኬሚስትሪ ምን እንበለው?

ዛሬ ማታ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ ግን ይሄ አይደለም፣ በዛ ፍፃሜ የተሸነፈው ቡድን ነው፣ ሂውስተን። ከነሱ በላይ በቁጥር ያበደ ቡድን አልነበረም። ከፍፃሜው በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን ጉዱ ወጣ። በ2017 ዋንጫ ሲበሉ የተጋጣሚ ኳስ ቀባይ ለወርዋሪው በጣቱ የሚያሳየውን ምልክት በካሜራ እየሰረቁ፣ ምን አይነት ኳስ እንደሚመጣ ለመቺው በቆሻሻ በርሜል እየደበደቡ ይነግሩት ነበር። በርሜል! ሜዳው በስንት ካሜራ ተከቦ፣ መልእክቱ በቆሻሻ በርሜል። እና ቡድን ሙሉ ሰው ዝም አለ። ተግባብተዋል እኮ፣ ከዚህ በላይ መናበብ ከየት ይመጣል? በይፋ የተናገረው ማይክ ፋየርስ ነው፣ እዛው ቡድን የነበረ ወርዋሪ፣ ከወጣ በኋላ። ቡድኑ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ አሰልጣኙና ዋና ስራ አስኪያጁ ተባረሩ፣ ተጫዋቾቹን የነካ የለም። ፋየርስን ግን ብዙ ሰው "ጓደኞቹን ሸጠ" አለው። አይግባባም ማለት ነው መሰለኝ በነሱ ቋንቋ።

እና አሁን ወደኔ ልምጣ፣ ምን አባቴ ላርግ።

የኛ ልጅ ሁሌ ዝምተኛ አልነበረም። ያለፈው ክረምት መጀመሪያ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ እንደውም ሰው ሲያስመስል አንጀት ነው የሚያርሰው። ከዛ አንድ ቀን ልምምድ ጨርሰን ሳር ላይ ተጋድመን "የማልያው ብር እንዴት ሆነ፣ ተረፈ አይደል?" ብሎ ጠየቀ። ቀለል አድርጎ ነው የጠየቀው። ገንዘብ ያዡ ደሞ እኔ ነኝ። አንዱ "እንዴ ሌባ ነን ወይ?" አለው፣ ሌላው ሳቀ፣ እኔ የጫማዬን ክር አሰርኩ፣ ፈትቼ ደግሜ አሰርኩ። ከዛ በኋላ ነው ባጃጁ የጀመረው። ከዛ በኋላ ነው "አይግባባም" የሚለው ቃል የመጣው፣ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እኔ ግን "ተዉ" አላልኩም። 3ቱን ጨዋታ ያልተሰለፈውም ለዚህ ነው፣ ጉዳት አልነበረበትም፣ ደብተሬ ላይ ግን "አልተሰለፈ" ብቻ ነው የሚለው።

ዛሬም ስለሱ ስከራከር 4 ጎል 7 ጎል እያልኩ ነበር። 9 ጨዋታ ደሞ ምንም ማለት አይደለም፣ 162 አይደለም፣ እግር ኳስም እንደ ቤዝቦል ሰው ለሰው አይለያይም፣ ያ 7 ጎል የበረኛችን እጅ ሊሆን ይችላል (ነውም)። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ቁጥሩን ማንበብ ያንን የሳሩን ቀን ከማንሳት ቀለለኝ። በመጨረሻ ትንኙ አሰለቻቸውና "እሺ በቃ ጻፈው፣ ተቀያሪ ይሁን" ብለው ተነሱ። ጻፍኩት፣ 22ኛ።

እዚህ ድረስ ጽፌ በስልኬ መብራት ደብተሩን ገለበጥኩና በጀርባው ጀመርኩ። 22 ሰው በ400፣ 8,800። ማልያ 22 በ350፣ 7,700። ኳስ 800። ቀሪ 300።

300ዋ ምን ላይ እንደዋለች ቁጭ ብዬ አስቤ አስቤ ላስታውሳት አልቻልኩም። ለዳኛ ሻይ ይሆን? ውሃ ይሆን? ስልኬ 12 ፐርሰንት ሆነች። "ነገ 11 ሰዓት ልምምድ አለ፣ የማልያውንም ሂሳብ ይዤ እመጣለሁ፣ 300 ብር ጎድሎኛል" ብዬ ላኩለት። ሁለት ራይት ሆናለች፣ እስካሁን አልመለሰም።