ለራስት አምስት ኤዲተር ሞክሬ የገባኝ ነገር

ራስት በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መጻፍ እንደጀመርኩ በየትኛው ኤዲተር (ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ልጻፍ የሚለው ነገር ዕረፍት ነሳኝ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ያወድሳል። በመጨረሻ አንድ ፕሮጀክት ይዤ እያቀያየርኩ ልሞክር ብዬ ቆረጥኩ። ፕሮጀክቱ የሎግ ፋይል አንብቦ ስህተቶችን የሚቆጥር ትንሽ የተርሚናል ፕሮግራም ነው። ቪኤስ ኮድ፣ ኒዮቪም፣ ሄሊክስ፣ ዜድ እና ራስትሮቨር፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳምንት ሰጠሁ።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አበሳጨኝ። ፋይሉን ሴቭ አድርጌ ተርሚናሉ ላይ ካርጎ ራን ስል (ካርጎ የራስት መገንቢያ መሣሪያ ነው፤ ራን ሲባል ፕሮግራሙን ሠርቶ ያስኬዳል) ዝም ብሎ ይቆማል። የቢልድ ፎልደሩ (የተሠራው ፕሮግራም የሚቀመጥበት) ስለተቆለፈ እየጠበቅኩ ነው ይላል። ጥፋቱ የኤዲተሩ መሰለኝ። ወደ ሌላው ስዛወር ግን ያው መልእክት ተከትሎኝ መጣ።

ያኔ ነው ውስጡን ማየት የጀመርኩት። ኮድ የሚያሟላልኝ፣ የቫሪያብሉን ታይፕ ከጎኑ የሚጽፍልኝ፣ ስህተቱ ላይ የሚያሰምርልኝ ኤዲተሩ ራሱ አልነበረም። ራስት አናላይዘር የሚባል ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም ነው። ኤዲተሮቹ ከእሱ ጋር የሚነጋገሩት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ኤልኤስፒ በተባለ ፕሮቶኮል ነው። ከአምስቱ አራቱ ይህንኑ ነው የሚጠቀሙት። ራስትሮቨር ብቻ አምራቹ ኩባንያ ጄትብሬንስ የሠራለት የራሱ ተንታኝ አለው። (የቆዩ ጽሑፎች ከራስት አናላይዘር በፊት የነበረውን አርኤልኤስን ጫኑ ይላሉ፤ እሱ በ2022 ጡረታ ወጥቷል፣ አትድከሙበት።)

የመቆለፉም ምስጢር እዚሁ ነው። ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ራስት አናላይዘር ከጀርባ ኮዱን ለስህተት የሚፈትሸውን ካርጎ ቼክን ያስኬዳል። እኔም በዚያው ሰዓት ካርጎ ራን እላለሁ። ሁለቱም ታርጌት የሚባለውን የቢልድ ፎልደር ይፈልጋሉ፣ ካርጎ ደግሞ አንዱ ሳይጨርስ ሌላውን አያስገባም። መፍትሔው ራስት አናላይዘር የራሱ ታርጌት ፎልደር እንዲኖረው ሴቲንጉ ላይ ማዘዝ ነው። ዲስክ ላይ ተጨማሪ ቦታ ይበላል፣ ላይብረሪዎቹም ሁለቴ ይሠራሉ። ለእኔ ግን በደንብ ያዋጣል።

እንግዲህ የአራቱ አእምሮ አንድ ከሆነ ልዩነታቸው የት ነው? ስህተት አነጋገራቸው ላይ ነው። አንድ ቀን ከዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር በሪፈረንስ (ሳልገለብጠው አድራሻውን ብቻ ይዤ) ተዋስኩ። ቀጥሎ እዚያው ዝርዝር ላይ አዲስ መስመር ጨመርኩ። ከዚያ የተዋስኩትን ላትም ስል ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር እምቢ አለ። ልክ ነው፤ ዝርዝሩ ሲያድግ ሜሞሪ ላይ ቦታ ሊቀይር ይችላል፣ ያኔ በእጄ ያለው አድራሻ ዋጋ የለውም። ይህን ስህተት ለመረዳት ሦስት ቦታ አብሮ ማየት ያስፈልጋል፦ የተዋስኩበት፣ የጨመርኩበት፣ ያተምኩበት። ኤዲተር ላይ ቀዩ መስመር የሚያርፈው መሃለኛው ላይ ነው፣ ሌሎቹን ፈልጎ ማግኘት የእኔ ፈንታ ነው። ተርሚናሉ ላይ ካርጎ ቼክ ስል ግን ሦስቱም በአንድ ሥዕል ተሰልፈው መጡ። የቦሮው ቼከር (ውሰቱን የሚቆጣጠረው የኮምፓይለሩ ክፍል) ነገር በትክክል የገባኝ ያን ቀን ነው። ቪኤስ ኮድም የኮምፓይለሩን ሙሉ መልእክት የሚከፍት ሊንክ አለው፤ ብዙ ሰው አያየውም እንጂ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዜድ ብዙ የምለው የለኝም። ፈጣን ነው፣ ደስ ይላል። ኒዮቪም ቪም የተባለውን ቀደምት ኤዲተር ጣቱ ለለመደ ሰው ቤቱ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ኤልኤስፒን በራሱ ያውቃል።

እኔ የቀረሁት ሄሊክስ ላይ ነው። እሱም በራስት የተጻፈ ነው። ራስት አናላይዘርን ከጫንኩ በኋላ አንድም የኮንፊግ መስመር ሳልጽፍ ሠራልኝ። መጀመሪያ መምረጥ፣ ከዚያ ማዘዝ የሚለው አካሄዱ ለሳምንት ጣቴን አስቸግሮት ነበር፣ አሁን ግን ምን እንደምሰርዝ ሳልሰርዘው በፊት አያለሁ። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር እያስቆምኩ ማየት ሲያምረኝ ራስትሮቨርን እከፍታለሁ፤ ዲበገሩ አብሮት ይመጣል፣ ለንግድ ላልሆነ ሥራም ነፃ ነው።

ጀማሪ ሲጠይቀኝ ግን ቪኤስ ኮድ ነው የምለው። አንድ ኤክስቴንሽን ጭኖ ወዲያው ኮዱ ላይ መቀመጥ ይችላል። ታርጌት ፎልደሩን ግን በመጀመሪያው ቀን ይለየው።