የቪምን መጫኛ በትርፍ ጊዜ መሥራት

ከመደበኛ ሥራዬ በሚተርፈኝ ጊዜ የቪምን የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጃለሁ። ቪም ብራም ሙሌናር በ1991 እ.ኤ.አ. ለአሚጋ ኮምፒዩተር ያወጣው፣ ኋላም በሁሉም ዋና ዋና ሥርዓቶች ላይ የተስፋፋ ክፍት ምንጭ የጽሑፍ ኤዲተር ነው። እኔ በኤዲተሩ ኮድ ውስጥ አልገባም፤ የእኔ ድርሻ ያለቀለትን ፕሮግራም በሰው ኮምፒዩተር ላይ በሥርዓት ማስቀመጥ፣ ባለቤቱ ሲፈልግም በሥርዓት ማንሳት ነው።

ፋይል መገልበጥ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚከብደው ቀድሞ የነበረውን ሳያበላሹ መግባት ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፓዝ፣ ማለትም ዊንዶውስ የትእዛዝ ስም ሲጻፍለት ፕሮግራሙን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው። መጫኛውን የምሠራበት ኤንኤስአይኤስ የተባለ መሣሪያ በተለመደው ቅጂው አንድን ጽሑፍ እስከ 1024 ፊደላት ብቻ ይይዛል፤ ብዙ የፕሮግራመር መሣሪያዎችን የጫነ ሰው ፓዝ ግን ከዚህ በቀላሉ ይረዝማል። ጥንቃቄ የጎደለው መጫኛ ይህን ረጅም ዝርዝር ባዶ እንደሆነ አድርጎ ሊያነበውና የራሱን ፎልደር ብቻ ሊጽፍበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ከቪም ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው ፕሮግራሞች በስማቸው ቢጠሩ አይገኙም። ስለዚህ ገደቡ ወደ 8192 ከፍ ያለበትን ቅጂ እጠቀማለሁ፤ የተነበበው ፓዝ ባዶ ሆኖ ከተገኘም መጫኛው ምንም ሳይጽፍ እንዲያልፍ አድርጌያለሁ። ቪምን በእጅ ፓዝ ውስጥ ማስገባት የደቂቃ ሥራ ነው፤ የጠፋን ፓዝ መልሶ ማሟላት ግን ቀን ሊፈጅ ይችላል።

በቀኝ ክሊክ የሚመጣው «በቪም አርም» የሚለው ምርጫም የራሱ ጣጣ አለው። ምርጫውን የሚያሳየውን ዲኤልኤል፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ጭነው የሚጠቀሙበትን የኮድ ፋይል፣ የዊንዶውስ ፋይል ማሳያ የሆነው ኤክስፕሎረር አንዴ ከከፈተው አይለቀውም፤ ስለዚህ አሮጌውን ወዲያው መሰረዝ ስለማይቻል ስሙን ለውጦ ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሳ እንዲጠፋ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ባለ 64 ቢት ኤክስፕሎረር ባለ 32 ቢቱን ዲኤልኤል ስለማይጭን፣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ደግሞ ፋይል መክፈቻ መስኮታቸው ላይ እሱኑ ስለሚሹ ሁለቱም መመዝገብ አለባቸው።

ማራገፊያውን በተመለከተ አቋሜ የጸና ነው፦ የተጠቃሚው የቪምአርሲ ፋይል፣ ማለትም የቪም ምርጫዎቹ የተጻፉበት ፋይል፣ አይነካም። ሰው በዓመታት ውስጥ መስመር በመስመር ያጠራቀመው የራሱ አሠራር በዚያ ፋይል ውስጥ አለ፤ ፕሮግራሙን ያነሳ ሰው ሁሉ ይህንን ጣለው ማለት አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ አዲሱን ቅጂ ሊጭን ነው።

ያልተፈታው የዲጂታል ፊርማ፣ ማለትም መጫኛውን ማን እንዳወጣው የሚያረጋግጠው ምልክት፣ ጉዳይ ነው። ያልተፈረመ መጫኛ ሲከፈት ዊንዶውስ ያስጠነቅቃል፤ ከሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የፊርማው ሚስጥራዊ ቁልፍ በተለየ የደኅንነት መሣሪያ ውስጥ እንዲቀመጥ ስለሚጠየቅ፣ ያለ ክፍያ ለሚሠራ ሰው ወጪውም ውጣ ውረዱም ጨምሯል። ለጊዜው ከእያንዳንዱ መጫኛ ጋር የኤስኤችኤ-256 ቁጥሩን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚገኘውን መለያ ቁጥር፣ አወጣለሁ። ይህ ፋይሉ ሲወርድ አለመበላሸቱን ያረጋግጣል እንጂ ፊርማን አይተካም፤ መጫኛውን የቀየረ ሰው አጠገቡ ያለውን ቁጥርም ሊቀይረው ይችላልና።