ከአሮጌ መኪና ላይ ተጨማሪ ዕቃዎችን አውርዶ ጉልበት ማግኘት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ዕድሜው የገፋና ሞተሩ አነስተኛ የሆነ መኪና ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ምን ያህል ሊነቃቃ እንደሚችል ለማየት የጀመርኩት ሥራ ለማካፈል ከሚበቃ ደረጃ ላይ ስለደረሰ፣ ያደረግኩትንና ያስተዋልኩትን እዚህ አቀርባለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከሞተሩ ጉልበት የሚሻሙትን ወይም ክብደት ጨምረው የተቀመጡትን የምቾት ዕቃዎች ማውረድ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃዎቹ ሁሉ እኩል ስላልሆኑ፣ ቁልፍ ከማንሳት በፊት ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ መመለስ ይኖርበታል፦ ይህ ዕቃ ጉልበት የሚወስደው ሁልጊዜ ነው፣ ሲሠራ ብቻ ነው፣ ወይስ ከክብደቱ በቀር የሚወስደው ነገር የለም?

በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው የፓወር ስቲሪንግ (መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀልለው ሥርዓት) ፖምፓ የመጀመሪያው ወገን ነው። መሪው ቀጥ ብሎ ቢያዝም ፖምፓው ዘይቱን ማዞሩን ስለማያቆም፣ መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም የማይቋረጥ ጉልበት ይበላል፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ደግሞ ግፊቱ በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ ሚኒሞው ላይ ያለ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር ጎንበስ ሲል ይሰማል። የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣው) ኮምፕሬሰር የሁለተኛው ወገን ነው። ሲሠራ ለትንሽ ሞተር ከባድ ሸክም መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሲጠፋ ግን የማግኔት ክላቹ ስለሚለቅ የሚዞረው ፑሌው ብቻ ነው። ስለዚህ ኤሲን ማውረድ ጉልበት ይጨምራል ቢባልም፣ ኤሲውን አጥፍቶ ለሚነዳ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ክብደት መቀነስ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ መስኮት፣ የመስታወት ማስተካከያ ሞተርና የኤሌክትሪክ ወንበር በሦስተኛው ወገን ይመደባሉ፤ በዓመት ውስጥ የሚሠሩበት ጊዜ ቢደመር እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ በዲናሞው በኩል የሚወስዱት ጉልበት ከሒሳብ አይገባም።

ክብደት ቀላል ነገር አይደለም፤ መገመት ያለበት ግን በቁጥር ነው። ከነሹፌሩ 1000 ኪሎ የሚመዝንና 80 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 12.5 ኪሎ ይጎትታል ማለት ነው። ከዚህ መኪና ላይ 25 ኪሎ ማውረድ፣ ለመፈትለክ ብቻ ከታየ፣ 2 የፈረስ ጉልበት ከመጨመር ጋር ይስተካከላል። ያው ክብደት 300 የፈረስ ጉልበት ካለው ትልቅ መኪና ላይ ቢወርድ ማንም አያስተውለውም። በሌላ በኩል፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚገዛው የአየር ተቃውሞ ስለሆነ፣ ክብደት መቀነስ የመኪናውን የመጨረሻ ፍጥነት ይጨምራል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

አንድም ብሎን ከመፍታቴ በፊት ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያና የቫልቭ ክፍተት ተስተካክለው፣ የጎማው ንፋስ በአምራቹ ልክ ተሞልቶ፣ እያንዳንዱ ጎማ ተነሥቶ በእጅ ሲዞር የሚይዝ ፍሬን አለመኖሩ ተረጋግጧል። ይህን ሳያደርጉ ዕቃ ማውረድ የቀዳዳ በርሜል ክዳን እንደማሳመር ነው፤ ብዙ አሮጌ መኪናዎች በሚያዝ ፍሬንና በደከመ ካንዴላ የሚያጡት ጉልበት ከፖምፓው ድርሻ ሊበልጥ ይችላል። የመለኪያ ዘዴዬም ያው ተራ ነገር ነው፦ በአንድ ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ የፍጥነት መለኪያውን በስልክ በመቅረጽ መያዝ። ነፋስና ተዳፋት ውጤቱን እንዳያዛቡ በሁለቱም አቅጣጫ መንዳትና አማካዩን መውሰድ፣ የነዳጁን መጠንም ተቀራራቢ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው የቺንጋ ሙከራ ነው። ፖምፓው የራሱ ቺንጋ ካለው ያንን ቺንጋ ብቻ አውልቆ መለካት ይቻላል፤ ምንም ዕቃ ሳይወርድና ምንም ወጪ ሳይወጣ የሚገኘው ለውጥ ወዲያው ይታወቃል። ሆኖም ያ ቺንጋ የውሃ ፖምፓውንም የሚያዞር ከሆነ ሞተሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚግል ሙከራው የተከለከለ ነው። በእኔ መኪና ላይ ልዩነቱ ዳገት ላይና ሚኒሞ ላይ የሚሰማ ሆኖ ሳለ፣ በመለኪያው ላይ ግን ከአንዱ ምልልስ ወደ ሌላው ከሚታየው መዋዠቅ እምብዛም አልራቀም። ይህ ውጤት ብዙዎችን ያሳዝናል ብዬ እገምታለሁ፤ የማምነው ግን ስሜቱን ሳይሆን መለኪያውን ነው።

የመሪው ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቺንጋው ወልቆ መሪው ሲዞር የሚሰማው ክብደት የመጨረሻው ክብደት አይደለም፤ በመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በእጅ ጉልበት እየገፋ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ይከብዳል። አንዳንዶች ሁለቱን ቱቦዎች በማገናኘት ይጨርሳሉ፤ ያም ዘይቱ የሚያልፍበትን መንገድ ከመስጠት በቀር ተቃውሞውን ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። የተሻለው መንገድ ሳጥኑን ፈትቶ የፒስተኑን ማሸጊያ ቀለበት ማውጣት፣ ጥርሱን በደንብ ግራሶ መቀባትና ቆሻሻ እንዳይገባ ማሸግ ነው። ከዚህ በኋላም በመሪው ዘንግ ላይ ያለው፣ ዘይቱን ለሚመራው ቫልቭ ሲባል የሚጠመዘዘው ቀጭን ዘንግ ስለሚቀር ትንሽ ልልነት ይሰማል። ይህን በብየዳ የሚያስሩ አሉ፤ እኔ ግን የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበትን ክፍል በቤት ውስጥ ብየዳ መንካት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። የመኪናው ሞዴል ያለ ፓወር ስቲሪንግ ተሠርቶ ከነበረ፣ የዚያን ሞዴል ያገለገለ የመሪ ሳጥን ፈልጎ መግጠም ከሁሉ የሚሻል ነው፤ ምክንያቱም የጥርሱ ምጣኔ ከመጀመሪያው ለእጅ ጉልበት ተብሎ የተመጠነ ስለሆነ መሪው ብዙ ዙር ቢፈልግም ይቀላል። ሰፊ ጎማና ከፍ ያለ የካስተር ማዕዘን (ከጎን ሲታይ የፊት ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ) የመሪውን ክብደት ስለሚያባብሱ፣ ጠበብ ያለ ጎማ ለሚጠቀም ሰው ለውጡ ይበልጥ የሚቻል ይሆናል። መኪናው ሲንቀሳቀስ መሪው ደስ የሚል ስሜት አለው፤ ሲቆም ግን ትከሻ ይፈትናል፣ ቤተሰብ የሚጋራው መኪና ከሆነም ይህ ብቻውን ሐሳቡን ሊያስለውጥ ይገባል።

ኤሲውን በሚመለከት መጀመሪያ የሚነሣው ጋዙ ነው። በአሮጌ መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው አር-12 የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳ፣ አር-134ኤ ደግሞ ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ስለሆነ ቱቦ ፈትቶ መልቀቅ አይገባም፤ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል። መሣሪያው ያለው ባለሙያ ጋዙን በዕቃ ከተቀበለ በኋላ ኮምፕሬሰሩ፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው የጋዝ ማቀዝቀዣ ማለትም ኮንደንሰሩና ቱቦዎቹ ይወርዳሉ። አብዛኛው ክብደት ከፊት ጎማዎች በላይ ወይም ከእነርሱም ፊት ስለሚነሣ መኪናው ለመታጠፍ ቀልጠፍ ይላል፣ ኮንደንሰሩ ሲነሣም ራዲያተሩ አየር ያገኛል። ጥንቃቄ የሚያሻው ቺንጋው ላይ ነው። አንድ ረጅም ቺንጋ ሁሉንም በሚያዞርባቸው ሞተሮች ላይ አጠር ያለ ቺንጋ ብቻ መግጠም አይበቃም፤ የዲናሞውና የውሃ ፖምፓው ፑሌ በበቂ ስፋት ካልተቃፉ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ባትሪውም አይሞላም። በኮምፕሬሰሩ ቦታ በኩሽኔታ የሚዞር ባዶ ፑሌ መግጠም መፍትሔው ነው። ኤሲ እርጥበትን ከመስታወት ላይ የሚያነሣ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ስለዚህ ማሞቂያውን ፈጽሞ አልነካሁትም።

የበሮቹን የኤሌክትሪክ መስኮት ወደ እጅ ማዞሪያ መለወጥ ለአንድ በር የሚያተርፈው ክብደት በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ሞተሩ ካልተቃጠለ በቀር አልሞክረውም። የኤሌክትሪክ ወንበር ግን ሞተሮቹና የብረት መንሸራተቻዎቹ ከባድ ስለሆኑ በእጅ በሚስተካከል ወንበር መለወጡ ያዋጣል፤ በወንበሩ ውስጥ ኤርባግ ካለ ባትሪው ተነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ሶኬቱ አይነካም።

የፍሬን ሰርቮውን፣ ማለትም ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘውን ዕቃ፣ ማውረድ አለበት የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሰርቮው የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ የቫኩም ኃይል ስለሆነ ለፍጥነት የሚነሣ ጉልበት አይወስድም፤ ሲወጣ ግን ለመቆም የሚያስፈልገው የእግር ኃይል በብዙ ያድጋል። ለሁለት ወይም ለሦስት ኪሎ ሲባል የሚደረግ አይደለም፤ ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም እንዲሁ።

አሁን ያለሁበት ሁኔታ ይህ ነው፦ ኤሲውና የኤሌክትሪክ ወንበሮቹ ወርደዋል፣ ፓወር ስቲሪንጉ ግን ከነፖምፓው ቦታው ላይ ነው። የሚቀጥለው ሥራ በሞተሩ የሚዞረውን የራዲያተር ማራገቢያ በቴርሞስታት በሚነሣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ መተካት ነው። ማራገቢያ የሚፈልገው ጉልበት ዙሩ ሲጨምር በኩብ ስለሚያድግ፣ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይጠይቃል፤ በመንገድ ላይ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ስለሚያቀዘቅዝ ያ ጉልበት በከንቱ ይባክናል። ከፖምፓው ይልቅ እዚህ ላይ የተሻለ ውጤት እንደማገኝ እጠብቃለሁ፣ በዚያው መንገድና በዚያው ማርሽ ለክቼ ቁጥሩን እጨምርበታለሁ።