የፖም ወቅትና የጽጌ ጾም

ዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች የፖም ወቅት የሚመጣው በደህና ጊዜ ነው። እንቁጣጣሽ አልፎ፣ መስቀል ተከብሮ፣ መስከረም 26 የጽጌ ጾም ሲገባ የቨርጂኒያ ፖም ደርሷል። ጾሙ የፈቃድ ነው። እናቴ ግን አታልፈውም፤ እስከ ኅዳር 5 ትጾመዋለች። እሷ እየጾመች ቅቤ የሚሸት ኬክ መጋገር ደስ አይለኝም። ስለዚህ በእኛ ቤት ከፖም የሚሠራው ሁሉ የጾም ነው። ቅቤና ወተት ሲቀሩ ደግሞ የፖሙ የራሱ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል።

ለቀማ የምንሄደው ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ዊንቸስተር አካባቢ ነው። ከድሮ ጀምሮ በፖም የታወቀ አገር ነው። እርሻው ውስጥ ገብቶ ራስ ለቅሞ መክፈል ነው። እናቴ ጅማ ቡና ሲለቀም እያየች ያደገች ናት፤ ዛፉ ሥር ስትቆም ዓይኗ ሌላ ነው። «ቀለሙ አያታልልሽ፤ ሲለቅልሽ ነው የደረሰው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፖሙን በመዳፍ ይዞ፣ ወደ ላይ ቀና እያደረጉ ትንሽ ጠምዘዝ ሲያደርጉት፣ የደረሰው እንጨቱን ይዞ እጅ ላይ ይቀራል። ወደ ታች ከጎተቱት ለከርሞ የሚያፈራው አጭር ቅርንጫፍ አብሮ ይገነጠላል። ከተጠራጠሩ አንዱን ሰንጥቆ ዘሩን ማየት ነው። ቡናማ ከሆነ ደርሷል።

«ይሄ ጅማ ለምን አይበቅልም?» ብላ ጠየቀችኝ። የፖም ዛፍ ቅጠሉን አርግፎ የሚያርፍበት ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋል። አገር ቤትም የፖም ነገር ሲነሳ ከአርባ ምንጭ በላይ ያለው ደጋ፣ ጨንቻ፣ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነገር የየዛፉን ዓይነት ጠይቄ ከረጢቱ ላይ መጻፌ ነው። ሁሉም ቀይ ወይም አረንጓዴ ፖም ይመስላል፤ እሳት ሲነካው ግን ጠባዩ ይለያያል። ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ቆርጬ፣ ጠብታ ውሃ ጨምሬ፣ ለየብቻ አብስዬ አየኋቸው። ማኪንቶሽ ጠርዙ ቀድሞ ይለሰልሳል፤ ከዚያ እብጥ ብሎ በራሱ ይፈርሳል፣ በማማሰያ መጫን እንኳ አያሻውም። ግራኒ ስሚዝ ኮምጠጥ ብሎ ቅርጹን ይይዛል። ጎልደን ዴሊሽየስ ጣፋጭ ነው፣ እሱም ቶሎ አይበተንም። ሃኒክሪስፕን እንዲሁ ገምጦ መብላት ይሻላል። ሬድ ዴሊሽየስን ድስት ውስጥ ባልከተው እመርጣለሁ።

ልጆቹ ዳቦ ላይ የሚቀቡት ከማኪንቶሽ ነው የሚሠራው። አንድ ኪሎ ያህል ልጬ፣ ልቡን አውጥቼ እቆርጠዋለሁ። ግማሽ የቡና ስኒ ውሃ፣ አንድ ቀረፋ፣ ሦስት ቅርንፉድ፣ ቁንጥር ጨው። ከዚያ ክዳኑን ገጥሞ በዝግታ 20 ደቂቃ ማብሰል ነው። ቅርንፉዱ ከዚያ በላይ ከሆነ ፖሙን ይደብቀዋል። ኮረሪማ ደግሞ ቀድሞ አይገባም። ፍሬውን ከገለባው አውጥቼ በሙቀጫ እወቅጠውና ድስቱ ሊወርድ ሲል ነስነስ አደርገዋለሁ። ያኔ ሽታው ሳሎን ድረስ ይደርሳል። ስኳር የምጨምረው ከቀመስኩ በኋላ ብቻ ነው፤ ትኩስ የተለቀመ ፖም ብዙ ጊዜ አይፈልግም። የሻይ ቅመማችን ለፖም የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም።

ቅዳሜ ማታ የሚጋገረው ደግሞ ከሁለት ዓይነት ነው፤ ግማሹ ማኪንቶሽ፣ ግማሹ ግራኒ ስሚዝ። አንዱ መረቅ ሲሆን ሌላው የሚታኘክ ይሆናል። ከላዩ አጃ፣ ትንሽ ዱቄት፣ ቡናማ ስኳርና ቀረፋ በዘይት አሽቼ እበትንበታለሁ። የምፈልገው እንደ ፍርፋሪ እንዲሆን ነው፤ ሊጥ ከሆነ ዘይቱ በዝቷል። ኦቨኑ 375 ፋራናይት ላይ ሆኖ 45 ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ ጠርዙ ላይ መረቁ ቡክ ቡክ ሲል ደርሷል። ትልቋ ልጄ አጃውን ታሻለች፣ ትንሹ ፖሙን ይደረድራል። ልጆች በእጃቸው የሠሩትን ሳይለመኑ ይበላሉ።

እኔ በጣም የምወደው ግን ጥቅል ጎመኑን ነው። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንደወትሮው ነው። ድንቹን እተወዋለሁ። ጎመኑ ሊበስል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ግራኒ ስሚዝ ወፈር ወፈር አድርጌ ቆርጬ፣ ከነልጣጩ እጨምርበታለሁ። የካሮቱንና የሽንኩርቱን ጣፋጭነት ይሰብረዋል። እናቴ በእንጀራ ጠቅልላ ቀምሳ «ሎሚ ጨምቀሽበታል?» አለች። አሁን በጾም ቀን ራሷ ታዘኛለች።

የተረፈውን ሳላጥብ በከረጢት አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። ፖም የሚያወጣው ጋዝ፣ ኤትሊን፣ ካሮትን ያመርራል፣ ቅጠላ ቅጠልን ቶሎ ያጠወልጋል። መሬት ወድቆ የተመታውን አስቀድሞ ማብሰል ነው፤ ከቆየ ጎረቤቱንም ያበላሻል። ልጣጩ አይጣልም። በቀረፋና በቅርንፉድ አፍልቼ ሻይ እጥልበታለሁ። ረጅም ጊዜ የሚቆየው ፉጂ ነው። ዘግይቶ ስለሚደርስ በጥቅምት መጨረሻ ለእሱ ብቻ እንመለሳለን፤ ከረጢቱም ፍሪጃችን ውስጥ ለገና ይደርሳል።