ያልበላችሁት ምሳ የት ደረሰ?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ደሴ ያላችሁ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ርቃችሁ የሄዳችሁ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

ይህን የምጽፍላችሁ ቅዳም ሹር ማታ ነው፤ ሚያዝያ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.። ባለቤቴ ድፎውን አሁን ከምጣዱ አወጣችው፤ ቤቱን የኮባ ሽታ ሞልቶታል። እማዬ ጠዋት የታደለችውን ቄጤማ ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ነው። ትንሽ ጋደም ትልና «ሰዓቱ ደረሰ እንዴ?» ብላ ትነሣለች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዘንድሮም 55ቱን ቀን አንድ ሳታጎድል ጾማለች።

ለሙስሊም ወዳጆቼ የኢዱን ሰላምታ ዘግይቼ ነው የማደርሰው፤ ይቅር በሉኝ። በየዓመቱ ለኢድ የምጽፈውን መልእክት ዘንድሮ ጀምሬ ተውኩት። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከሁሉ በፊት የማነብላቸው ሰው በጥር ወር ዐረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር ሳነሣ እጄ እምቢ ይለኛል።

ሐጂ ነበር የምንላቸው። ሕፃን ሽማግሌው በዚሁ ነበር የሚጠራቸው። ሰኞ ገበያ አካባቢ እህል ይሸጡ ነበር። ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 9 ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ተከተለ። ሁለቱ ጾሞች እንዲህ ሲገናኙ ሐጂ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «አየህ መጋቢ፣ አገር ሙሉ ሰው አንድ ላይ ራበው» ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ ይህን የሚለኝ ሰው አልነበረም።

እስኪ አንድ ነገር ላሳያችሁ። በሱቃቸው ሚዛን ነበር፤ ገዢ ሁሉ በኪሎ ነው የሚወስደው። ግን አቅም ያነሳት እናት ከመጣች ሚዛኑን ትተው ከጆንያው ጀርባ ያለችውን አሮጌ ጣሳ ያነሣሉ። ማሽላውን ይሞሉባታል። አንዴ መሬት ላይ ጠብ ያደርጓታል፤ ማሽላው ይሰምጣል። ይጨምራሉ። በሁለት እጃቸው ይዘው ይነቀንቋታል፤ እንደገና ይሰምጣል። ይጨምራሉ። በመዳፋቸው ጫን ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ነው ቁልሉ የሚጀመረው። ጫፉ እየሾለ ሄዶ ፍሬው በጣሳዋ ጎን መንከባለል ሲጀምር «በይ ያዢ» ይላሉ። ሴትየዋ የነጠላዋን ጫፍ ትዘረጋለች። ከተገለበጠላት በኋላም አንድ እፍኝ ያክሉላታል፤ ምራቂ። አንድ ቀን ለምን በሚዛን እንደማይሰጡ ስጠይቃቸው፣ «ሚዛን እውነቱን ተናግሮ ዝም ይላል፤ ጣሳ ግን ታዝናለች» አሉኝ።

ሉቃስ 6 ላይ ስለ ተጠቀጠቀ፣ ስለ ተነቀነቀና ስለ ተትረፈረፈ መስፈሪያ፣ በእቅፍ ስለሚሰጥ ስጦታ ጌታ የተናገረውን ብዙ ዓመት ሰብኬበታለሁ። ምን ማለት እንደሆነ በዓይኔ ያየሁት ግን እዚያ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነው።

ስለዚህም ነው ያ ክፍል ዛሬ ዛሬ በየመድረኩ ሲነገር የሚያመኝ። «ዘር ዝሩ፣ በእጥፍ ታጭዳላችሁ» እየተባለ የቤት ኪራይ ያልከፈለች እናት ቦርሳዋን ስትፈታ አይቻለሁ። ወንድሞቼ አገልጋዮች፣ እለምናችኋለሁ፣ ከዚያ ቁጥር ከፍ ብላችሁ አንብቡት። ጌታ ምንም ተስፋ ሳታደርጉ አበድሩ፣ አባታችሁ ርኅሩኅ እንደሆነ ርኅሩኆች ሁኑ፣ አትፍረዱ ካለ በኋላ ነው ስለ መስፈሪያው የተናገረው። መስፈሪያውን የያዘው ባለ እህሉ ነው፤ ነጠላዋን የዘረጋችው ደግሞ ድሀዋ ናት። እኛ ገልብጠን፣ ድሀዋ ሰጪ፣ ባለ መድረኩ ተቀባይ አደረግነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በ2013 ክረምት መውጫና በ2014 መባቻ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀለው ወገናችን ደሴን የሞላበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። የየትምህርት ቤቱ ክፍል መኝታ ሆኖ ነበር፤ ወንበሩ ውጪ ተቆልሎ። እኛም በቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጅን። በሦስተኛው ቀን ከጸሎት ስወጣ ሐጂን አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። ከባጃጅ ጆንያ ያወርዳሉ፤ ፊታቸው ዱቄት ለብሷል።

«ከስተሃል መጋቢ» አሉኝ።

«ጾም ላይ ነን ሐጂ። ለዚህ ሕዝብ እየጸለይን ሦስት ቀናችን ነው።»

«አላህ ይቀበላችሁ። ስንት ትሆናላችሁ?»

«ሁለት መቶ አናንስም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ጆንያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ «ሁለት መቶ ሰው፣ ሦስት ቀን» አሉና በጣታቸው ቆጠሩ። «ስድስት መቶ ምሳ ነው። ያልበላችሁት ምሳ የት ደረሰ?»

ሊነቅፉኝ አልነበረም። የጠየቁኝ እንደ እህል ነጋዴ ነው፤ ተጭኖ ወጥቶ ያልደረሰ ጭነት እንደሚጠየቅ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምሳው የትም አልሄደም ነበር። ማታ ማታ ከእራት ጋር እየደረብን እንበላው ነበር። እኔ ተርቤ እግዚአብሔር ፊት ስቀርብ፣ አጥሩን ተሻግሮ ያለው ሕፃን ረሃቡ በእኔ ጾም አልቀለለለትም።

ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው፣ «አብሽር፣ ነገም ቀን ነው» አሉና ጆንያቸውን ይዘው ገቡ።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የነገሩኝ ቆይተው ነው። በ1965፣ በወሎው ረሃብ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ ደሴ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበሩ። ከገጠር የፈለሰው ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ ያያቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ እህል መኪና ላይ ይጭናሉ። መኪናው ከወሎ ይወጣል። «ጆንያው ከትከሻዬ ሲያፈስ ሴቶቹ አፈሩን እየለቀሙ ያበጥሩ ነበር። የጫንኩበትን ብር ተቀብዬ ዳቦ በላሁበት» አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልተናገሩም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ ሲመረምሩ የደረሱበትም ይኸው ነው፦ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ የተፈራውን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ሰዉ ያለቀው ምርቱ ሲጠፋበት መግዣም አብሮ ስለጠፋበት ነው። የሊቁን ጥናት ለሐጂ ባጫውታቸው፣ «እኔ ጭኜው የለ እንዴ» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን ሳነብ ዓይኔ ሌላ ቦታ ያርፋል። ኢሳይያስ 58ን እንደ አዲስ አነበብኩት፦ «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ»። በማቴዎስ 6 ጌታ ምጽዋትን ያስቀድማል፣ ጸሎትን ያስከትላል፣ ጾምን ከሁሉ በኋላ ያመጣል። በ2ኛው መቶ ዘመን ተጽፎ በጥንት ወደ ግዕዝ የተመለሰው የሄርማ መጽሐፍማ እንደ ሐጂ ነው የሚያሰላው፦ በምትጾምበት ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ ተምነህ ለመበለት፣ ለወላጅ አልባ፣ ለተቸገረ ስጥ ይላል። ሐጂም ስለ ዘካተል ፊጥር፣ ስለ ረመዳን ማብቂያው ምጽዋት፣ ሲያስረዱኝ፣ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ለሚጠባው ሕፃን ሳይቀር፣ በሁለት እጅ ሲታፈስ አራት እፍኝ የሚሆን እህል ከኢድ ሰላት በፊት ድሀው እጅ መግባት አለበት አሉኝ። «በፊት ነው» ብለው ደገሙልኝ። እኛ ቤት ግን የበዓል ስጦታ ማለት በማግስቱ የሚወጣ ትርፍራፊ ነበር።

ለውጡ ቀላል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን በር ጆንያ ቆመ። ጾም ጸሎት ሲኖር እያንዳንዱ ያልበላውን ምሳ በዓይነት ወይም በገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ለበዓል የሚሰጠውም ቅዳሜ ከመምሸቱ በፊት ከእጃችን ይወጣል። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ይህም ተቋረጠ፣ የሐጂ መጋዘንም ባዶ ቀረ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን ሱቃቸውን በአንድ ጆንያ ማሽላና በዚያችው ጣሳ ከፈቱ። እኛም ጆንያችንን መልሰን አቆምን።

እማዬንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ጌታን የተቀበልኩ ሰሞን፣ ጎረምሳ ሆኜ፣ «ጾምሽ ባዶ ሥርዓት ነው» ብያት ነበር። አልቅሳለች። ሽሮዋን ብቻ ነበር ያየሁት። በሁዳዴ ከእንጀራዋ የመጀመሪያውን አጥፋ ለየኔ ቢጤ ሳትሰጥ አፏን እንደማታሟሽ፣ አንድ ቤት እየኖርን ልብ አላልኩትም። የሐጂን ጥያቄ ስነግራት፣ «እሱስ ምን አዲስ ነገር አለው ልጄ?» ነው ያለችኝ።

ምስጋና አለብኝ። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ጆንያ ሲያመላልስ ውሎ ነዳጁን እንኳ አልቀበልም ያለው የባጃጅ ሾፌር፣ እግዚአብሔር ጉልበትህን ይባርክ። ፒያሳ ጥግ ቆሎ የምትሸጪው እህቴ፣ አርብ አርብ ያመጣሽው ሁለት ሁለት ስኒ ምስር ጆንያው ውስጥ ከገባው ሁሉ ይከብዳል፤ ማንም እንዳያውቅ ብለሽኛልና ስምሽን አልጠራም። የኮምቦልቻዋ ልጃችን፣ ሪያድ ሰው ቤት እየሠራሽ በየወሩ የአንድ ቀን ደመወዝሽን የምትልኪው፣ እናትሽን ትናንት አይቻታለሁ፤ ደህና ናት፣ ጉልበቷም ተሽሏታል። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ፣ በሐጂ ለቅሶ ድንኳኑን ክርስቲያን ሙስሊም ሳይሉ ሌሊት ወጥተው ያስተከሉት፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ጀናዛቸውን ስንሸከም ትከሻዬ ሲዝል ሳልጠይቀው ቦታዬን የተካው ወጣት፣ ማን እንደሆንክ ዛሬም አላውቅም፤ ይህን ካነበብክ ቤቴ ና።

መልካም ምኞቴንም በግልጽ ልናገር። በዓል ሲደርስ ዘይትና ዱቄት የምትደብቁ ነጋዴዎች፣ በሚቀጥለው በዓል መጋዘናችሁ ወለል ብሎ ተከፍቶ ያሳየን። ነገ በግ አርዳችሁ ብድር መላሽ ወዳጅ ብቻ የምትጠሩ፣ አንድ መልሶ የማይጠራችሁ ሰው ገበታችሁ ላይ ይቀመጥ። ይህች ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ያለባት ናት፤ ስሙን አስቡት። ዘንድሮ ሰው የሞተባችሁ፣ ሳህን ቆጥራችሁ አንድ የተረፈባችሁ፣ እኔም አለሁበት፤ ጌታ በባዶው መቃብር ያጽናናችሁ። ገና መጠለያ ውስጥ ፋሲካን የምትውሉ ወገኖቼ፣ በገዛ ደጃችሁ የምትውሉበትን ፋሲካ ያምጣላችሁ።

ሐጂ በየፋሲካው እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ሥጋችንን አይበሉም፤ ለእሳቸው ባለቤቴ ድፎውን ከሁሉ በፊት ቆርሳ፣ ከማር ጋር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ቡናው ሦስት እስኪሆን ተቀምጠው፣ ዱአ አድርገውልን ይሄዳሉ። አሁን፣ ይህን እየጻፍኩ፣ ከጓዳ ቢላ ሲቀመጥ ሰማሁ። ባለቤቴ ድፎውን ቆርሳ፣ ማሩን ቀድታ፣ ጨርቁን አንሥታ ቆማለች። እጇ ለምዶባት ነው። አየችኝ፤ አየኋት። ምንም አልተባባልንም። ጠቅልላ ሰጠችኝ።

የሐጂ ባለቤት ዒዳቸው ላይ ናቸው፤ ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት የምትጠብቀው ጊዜ ነውና ከቤት አይወጡም። ትልቁ ልጃቸው ግን ሱቁን ከፍቶ፣ ጣሳዋንም በቦታዋ አስቀምጧል። እስካሁን መብራታቸው አልጠፋም። ዳቦው ሳይቀዘቅዝ አድርሼ ልመለስ።