አዳኙን እሳት ያሳጣሁት እኔ ነኝ

ሲያትል ውስጥ ኦንላይን ጌም በሚሠራ ድርጅት ነበር የምሠራው። ስሙ ይቅር። ሥራዬ ዳታ መተንተን ነው። ተጫዋቾች የትኛውን ችሎታ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሙ፣ የት እንደሞቱ፣ ምን ላይ ሲደርሱ ሰልችቷቸው እንደወጡ እየቆጠርኩ ለዲዛይነሮቹ ሰንጠረዥ አቀርባለሁ። እናቴ በደወለች ቁጥር "አሁንም ጨዋታ ላይ ነህ?" ትለኛለች። ሥራ ነው ብላት አትሰማም።

ለማያውቅ ሰው፦ እንዲህ ያለ ጌም ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ክላስ ትመርጣለህ። ተዋጊ፣ ፈዋሽ፣ አስማተኛ፣ አዳኝ። በመረጥከው ክላስ ወራት ትቆያለህ፤ አንዳንዱማ ዓመታት ይኖርበታል።

የእኛ አዳኝ አርጅቶ ነበር። ችሎታው በዝቶ ጀማሪ ሰው ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ቁልፎች አይቶ ይደነግጣል። እንደ አዲስ ይሠራ ተባለ። ዋናው ዲዛይነር ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ "ማንም የማይነካውን ንገረኝ" አለኝ። ነገርኩት። ከሰንጠረዡ ግርጌ የተቀመጠችው "እሳት ማንደድ" ነበረች። አዳኙ ይንበረከካል፣ ጭራሮ ይሰበስባል፣ ባልጩት ያጋጫል። አሥር ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚያ እሳቱ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ጤናው ቀስ እያለ ይመለሳል። አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ብትጠጣ ግን ያው ነገር ወዲያው ይሆንልሃል። ከጎኗ የተጻፈው ቁጥር ዜሮ ነው። ተሰረዘች። ስብሰባው ላይ አንድ ደቂቃ እንኳን አልወሰደችብንም።

በምትኩ ቀስቱን አጠነከርንለት። ጌመሮች "ባፍ" የሚሉት ነው። ጭብጨባ ነበር የጠበቅነው።

ፓቹ፣ ማለትም ለውጡን የያዘው የጌሙ ማሻሻያ፣ ማክሰኞ ጠዋት ወጣ። ምሳ ሳይደርስ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል በአንድ ጥያቄ ተጥለቀለቀ፦ እሳቱ የት ሄደ? ማታ ደግሞ አዳኞቹ ዋናው ከተማ አደባባይ ላይ ቀስታቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ። አይዋጉም፣ አያወሩም። ሰው በጨመረ ቁጥር ሰርቨሩ መንቀራፈፍ ጀመረ።

ከአለቆቻችን አንዱ "ተጫዋች ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ሳምንት ጠብቁ" አለ። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ኦንላይን ጌም ተዋጊዎች "ክላሳችን ተበደለ" ብለው ልብስ የሌላቸው ድንክዬ ኖሞች ፈጥረው አይረንፎርጅ ከተማ ውስጥ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ጌሙ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አደገ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግን ስታር ዋርስ ጋላክሲስ የሚባለው ሌላ ኦንላይን ጌም 34 የነበሩትን ሙያዎቹን ወደ 9 አወረዳቸው። እንስሳ እየገራ የሚኖረው ተጫዋች ሙያው ራሱ ጠፋ። ጄዳይ (የስታር ዋርስ ኃያል ተዋጊ) ለመሆን ወራት የለፋው ደግሞ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ጄዳይ ሲሆን አየ። ጌሙ እስከ ዲሴምበር 2011 ቢቆይም ጥሎት የወጣው ሕዝብ አልተመለሰለትም።

የሚገርመው፣ በዚያ ጌም ውስጥ መጨፈር ሙያ እንደነበር አውቃለሁ። ከውጊያ የተመለሰ ሰው ድካሙ የሚለቀው ካንቲና (መጠጥ ቤት) ገብቶ ጨፋሪ ሲያይ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ይላል፤ ሲቀመጥ ያወራል። ይህን ታሪክ ለአዲስ ሠራተኞች ስተርክ ኖሬ ስለራሳችን እሳት አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከተጫዋቾች የመጡ መልእክቶችን ከፈትኩ። ብዙው ስድብ ነው። አንዱን ግን ሦስቴ አነበብኩት። "ከሥራ ስመለስ ድልድዩ ሥር እሳት አነዳለሁ። ወንድሜ ከሌላ ከተማ ሆኖ ይገባል። እናወራለን። ጤናችን ሙሉ ነው።"

ጤናችን ሙሉ ነው። ታዲያ እሳቱን ለምን ያነዱታል?

የራሴን ኮድ ከፈትኩ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰርቨሩ የሚልከው ዳታ ሲበዛብኝ፣ ማቅለያ ብዬ አንዲት መስመር ጽፌ ነበር፦ ውጊያ ላይ ያልሆነ ሰው የተጠቀመውን ችሎታ አትቁጠር። በውጊያ መሀል ደግሞ ጌሙ ራሱ እሳት ማንደድ አይፈቅድም። ዜሮዋ የመጣችው ከዚያ ነው። ደግሞ ዜሮ! የመጨረሻ የማይረባ ችሎታ እንኳን በስህተት ይነካል። ድፍን ዜሮ ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ። መስመሯን አንስቼ ሰንጠረዡን እንደገና አወጣሁት። እሳት ማንደድ ከአዳኙ ችሎታዎች ሁሉ ሦስተኛ።

ላብ አሰመጠኝ። ባለቤቴ ነቅታ ምን ሆንክ አለችኝ። ነገርኳት። "እና አቦሉን ብቻ አስቀርታችሁ ቶናና በረካን ሰረዛችሁባቸው በለኛ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተኛች። እኔ ግን ቡናን በእኔ ኮድ ስቆጥረው አደርኩ። ስኒ ከንፈር ሲነካ ብቻ ቁጠር። ቄጠማው፣ ቁላቱ፣ ጎረቤት መጥራቱ፣ ሐሜቱ፣ ሁሉም ዜሮ።

ሰኞ ለዲዛይነሩ ነገርኩት። ስክሪኔን ለረጅም ጊዜ አየ። "ሌላ ማን ያውቃል?" አለ።

"አንተና እኔ።"

"ስብሰባው ላይ አንተው ትነግራቸዋለህ።"

ነገርኳቸው። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አንዷ ባልደረባችን ብቻ፣ ያውም በቀስታ፣ "በዚህ ሰንጠረዥ ከዚህ በፊት ምን ምን ሰርዘናል?" ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሳምንቱን ሙሉ የድሮ ፓቾች ስገለብጥ ከረምኩ። ከሌሎች ክላሶች የተሰረዙ ሰባት ችሎታዎች አገኘሁ። አራቱ ከውጊያ ውጭ የሚሠሩ ነበሩ። ስለነሱ ማንም ሰልፍ አልወጣም፤ ወይም ወጥቶ እኛ ሳምንት ጠብቀን ይሆናል።

እሳቱን መመለስ ቀላል መስሎን ነበር። አልሆነም። የአዳኙ አካል በአዲስ መልክ ስለተሠራ የድሮው እንቅስቃሴ አልገጥም አለ። መጀመሪያ ስንሞክረው ተንበርክኮ ባልጩቱን አየር ላይ ያጋጫል፤ ጭራሮው ከጉልበቱ ኋላ ለብቻው ይነዳል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ለማስተካከል ስድስት ሳምንት ፈጀ።

በተመለሰበት ማታ ከቤቴ ገባሁና ወደ ድልድዩ ሄድኩ። እሳት ይነዳል። አንድ አዳኝ ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም። ትንሽ ቆይቼ "ወንድምህስ?" ብዬ ልጽፍ ስል እንዴት አወቅክ እንዳይለኝ ፈርቼ አጠፋሁት፤ በምትኩ "ብቻህን ነህ?" አልኩት።

"ወንድሜ ሌላ ጌም ጀምሯል" ብሎ መለሰልኝ። "እሁድ ብቅ እላለሁ ብሏል።"